ልጓሙ የወለቀ ቅጠል

በሰሜን ቻይናና በሞንጎሊያ ደረቅ ሜዳዎች ላይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ እምብዛም የማይታይ፣ ቀጫጭን አረንጓዴ ዘንጎች ብቻ የሚመስል ቁጥቋጦ አለ። ቻይናውያን ማ ሁዋንግ ይሉታል፤ በሳይንስ ስሙ ኤፌድራ ነው። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረውና በሼን ኖንግ ስም የሚጠራው የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ዕፆችን በሦስት ማዕረግ ይከፍላቸዋል። በመጀመሪያው ማዕረግ ጉዳት የለባቸውም ተብለው ለረዥም ጊዜ የሚወሰዱት ይገኛሉ፤ በመጨረሻው መርዛማነታቸው የታወቀው፤ በመካከለኛው ደግሞ እንደ አያያዛቸው የሚጠቅሙም የሚጎዱም። ማ ሁዋንግ የተመደበው በመካከለኛው ነው። በ200 ዓ.ም. አካባቢ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለው ሐኪም ብርድ ብርድ ለሚለውና ትንፋሽ ለሚያጥረው በሽተኛ የሚሆን አዘገጃጀት ጽፎ ትቷል። ማ ሁዋንጉ አስቀድሞ ለብቻው ይፈላል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው አረፋ ተገፍፎ ይጣላል፤ ከዚያ የቀረፋ ቀንበጥ፣ የአፕሪኮት ፍሬና ጣፋጭ ሥር ይጨመርበታል። በሽተኛው ካላበው የቀረውን አይጠጣም። ጉሮሮው ለሚደርቅና ነስር ለሚያስቸግረው ሰውም ላብ የሚያወጣ መድኃኒት እንዳይሰጥ ተከልክሏል።

እነዚያ ሐኪሞች የተክሉን ኬሚስትሪ አያውቁም ነበር። የሚያውቁት ልጓሙን ነው። መጠኑን የሚወስነው ባለሙያ፣ ለማፍላት የሚፈጀው ጊዜ፣ ምላስን የሚይዘው ምሬት፣ ላብ ሲመጣ ማቆሙ፣ ለማን እንደማይሰጥ መታወቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኃኒቱ ለጥቂት ቀን ሕመም እንጂ ለዘወትር ኑሮ አለመሆኑ ሰውን ከተክሉ ኃይል የሚጠብቁ ልጓሞች ነበሩ። እኛም በኮሶ ያየነው ነው፤ ኮሶ የሚጠጣው ተመጥኖ፣ የቀን ሥራ ተትቶ ነበር፤ ያበዛው ሰው ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ እንደሚችል ይታወቃልና። ተክልን አንጥሮ በካፕሱል ማሸግ መጠኑን ከፍ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ እነዚህን ልጓሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውለቅ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ስለዚህም ቅጠሉ በሺህ ዓመታት ያፈራው መልካም ስም ለንጥሩ ምስክር ሊሆን አይችልም። የኤፌድራን ታሪክ ከመነሻው የተከታተለ ሰው ይህን በግልጽ ያያል።

በጀርመን የተማረው ጃፓናዊው ኬሚስት ናጋዪ ናጋዮሺ በ1885 ከተክሉ ውስጥ ዋናውን ኃይል ለይቶ አወጣ፤ ኤፌድሪን ተባለ። ግኝቱ ለአርባ ዓመት ያህል ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። በ1924 ግን በፔኪንግ ዩኒየን የሕክምና ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩት ኬ. ኬ. ቼን እና ካርል ሽሚት ኤፌድሪን እንደ አድሬናሊን የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የሳንባ ቧንቧን እንደሚከፍት፣ ከአድሬናሊን በተለየ ግን በአፍ ተውጦ እንደሚሠራና ኃይሉም ለረዥም ሰዓት እንደሚቆይ አሳዩ። ወዲያው ለአስም ሕመምተኞች ትልቅ መድኃኒት ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው ነገር አለ። ኤፌድሪን ሲነጠር የድሮዎቹ ልጓሞች ወለቁ፤ ነገር ግን የሕክምናው ዓለም በምትካቸው ሌሎችን አበጀለት፤ በሚሊግራም የተለካ እንክብል፣ የፋርማሲ ቁጥጥር፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ በይፋ የተጻፈ መመሪያ። ማንጠር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው የድሮው ልጓም ወልቆ አዲሱ ሳይገባ ሲቀር ነው።

ክብደት መቀነስ የሚለው ሐሳብ የገባው ከዴንማርክ ነው። በ1972 በኤልሲኖር ከተማ የሚሠራ አንድ ሐኪም ለአስም ኤፌድሪንና ካፌይን የተቀላቀለበት መድኃኒት የሰጣቸው ሰዎች ሳያስቡት እየከሱ መሄዳቸውን አስተዋለ። ወሬው ተዛመተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የኤልሲኖር እንክብል የተባለውን ወሰዱ። በኋላም የዴንማርክ ተመራማሪዎች በቀን ሦስት ጊዜ 20 ሚሊግራም ኤፌድሪን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን ጋር ቢሰጥ ውፍረት እንደሚቀንስ በጥናት አሳዩ። ውጤቱ እውነት ነበር። ይህንን መካድ አይገባም፤ የማይሠራ ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ሕዝብ ባልጎረፈለት፣ ያን ያህልም ባልጎዳ ነበር። የሰውነትን ሞተር የሚያፈጥን ነገር ልብንም ያፈጥናል፤ ስብ የሚያቃጥለው ኃይልና የደም ግፊትን የሚያንረው ኃይል አንድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ዕውቀት ከሐኪም እጅ ወጥቶ ገበያ ላይ የዋለው በ1990ዎቹ ነው። በአሥርተ ዓመቱ መጀመሪያ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍዲኤ፣ የምግብ ማሟያዎችን ጠበቅ አድርጎ ለመቆጣጠር ተነሣ። የንግዱ ባለቤቶችም ሕዝቡን ቀሰቀሱ፤ መንግሥት ቫይታሚናችሁን ሊነጥቃችሁ ነው የሚል ዘመቻ ተከፈተ፤ ለምክር ቤት አባላት የተጻፈው ደብዳቤ ተቆጥሮ አያልቅም ነበር። በሴናተር ኦሪን ሃችና በሴናተር ቶም ሃርኪን ዋና ደጋፊነት የረቀቀው የምግብ ማሟያዎች ሕግ በጥቅምት 1994 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ፊርማ ጸደቀ። ሕጉ አምራቹ ዕቃውን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ደኅንነቱን ለመንግሥት አሳይቶ ፈቃድ እንዲያገኝ አይጠይቅም። አንድ ማሟያ አደገኛ ነው የሚባል ከሆነ አደጋውን ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። ለዚህ ታሪክ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሕጉ ማሟያ ምን እንደሆነ የተረጎመበት ክፍል ነው። በዚያ ትርጓሜ ውስጥ ቅጠልና ሥሩ፣ የቅጠሉ ንጥር፣ የንጥሩ ክምችት፣ ከውስጡ ተለይቶ የወጣው ንጥረ ነገር ሁሉ በአንድ መደብ ተሰለፉ። ይህን ያደረጉት ሕግ አውጪዎች የሰዎችን ነፃነት ማስከበራቸው መስሏቸው ይሆናል፤ በሥራ የታየው ውጤት ግን ለካፕሱሉ የቅጠሉን መታወቂያ መስጠት ሆነ። በ1994 ወደ 4,000 የነበረው የማሟያ ዓይነት በ2008 ወደ 75,000 ደርሷል።

የኤፌድራ እንክብል በዚህ በተከፈተ በር ገባ። ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው ሜታቦላይፍ 356 ሲሆን፣ የማ ሁዋንግ ንጥርን ካፌይን ካለው የጓራና ንጥር ጋር የቀላቀለ ነበር። ሸማቹ የሚያየው የዕፅ ስም ነው፤ የሚውጠው ግን በፋርማሲ ቢሸጥ የሐኪም ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ድብልቅ ነው። የጥንቱ አዘገጃጀት ለላብና ለትንፋሽ ለጥቂት ቀናት ነበር፤ ይህኛው ለውፍረትና ለጉልበት፣ በየቀኑ፣ ለወራት። የጥንቱ ከካፌይን ጋር አልተቀላቀለም፤ ይህኛው ሆን ተብሎ ተቀላቀለ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም ቁጥር አይታመንም ነበር። በ2000 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት 20 የኤፌድራ ማሟያዎችን መርምሮ፣ በግማሾቹ ውስጥ ያለው የአልካሎይድ (የኤፌድሪንና የዘመዶቹ) መጠን መለያው ላይ ከተጻፈው 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚለይ አገኘ። ሰው ዛሬ የወሰደው መጠን ነገ ከሚከፍተው ጠርሙስ ጋር ላይመሳሰል ይችላል ማለት ነው። የድሮው ባለመድኃኒት ቢያንስ ምሬቱን ቀምሶ ኃይሉን ይገምት ነበር፤ ካፕሱል የዋጠ ሰው ምንም የሚቀምሰው የለም።

የጉዳት ሪፖርት ለኤፍዲኤ መድረስ ከጀመረ ቆይቶ ነበር፤ የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክ፣ የሚጥል ሕመም፣ ሞት። በሰኔ 1997 መሥሪያ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ8 ሚሊግራም ያነሰ፣ በቀንም ከ24 ሚሊግራም ያነሰ አልካሎይድ ብቻ እንዲፈቀድ፣ ከካፌይን ጋር መቀላቀልም እንዲከለከል ሐሳብ አቀረበ። በ1999 የምክር ቤቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ሐሳቡን መርምሮ፣ ኤፍዲኤ የመጠን ገደቡን ያሰላው በ13 ሪፖርቶች ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ማስረጃው ደካማ ነው አለ። ትችቱ በሳይንስ ዓይን ተገቢ ነበር። መታየት ያለበት ግን ማስረጃው ለምን እንደሳሳ ነው። አምራቾች የደረሳቸውን ቅሬታ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ኤፍዲኤ በ2000 የሐሳቡን አብዛኛውን ክፍል አነሣ። በዚያው ዓመት ክሪስቲን ሃለርና ኒል ቤኖዊትዝ የተባሉ ሐኪሞች 140 ሪፖርቶችን አንድ በአንድ መርምረው፣ 31 በመቶ የሚሆኑት በእርግጠኝነት ወይም በብዙ ግምት ከኤፌድራ ጋር የተያያዙ፣ ሌሎች 31 በመቶ ደግሞ ሊያያዙ የሚችሉ መሆናቸውን በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። የሜታቦላይፍ ኩባንያ ደግሞ ስለ ከባድ ጉዳት አንድም ቅሬታ አልደረሰኝም ሲል ለመንግሥት አረጋግጦ ነበር። በ2002 በምርመራ ግፊት ሰነዶቹን ሲያስረክብ ከ13,000 በላይ የደንበኞች ቅሬታ ተገኘበት። የኩባንያው መሥራች ማይክል ኤሊስ በኋላ ለኤፍዲኤ ሐሰት በመናገር ጥፋተኛ ሆኖ ተፈርዶበታል።

በየካቲት 17 ቀን 2003 የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤችለር በፍሎሪዳ ልምምድ ላይ ሳለ በሙቀት ተመትቶ በወደቀ ማግስት ሞተ። ዕድሜው 23 ነበር። ኤፌድራ ያለበትን ማሟያ ይወስድ እንደነበር ታወቀ፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ኤፌድራው ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርጓል ብሎ ደመደመ። ይህ አንድ ሞት ከዚያ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ሪፖርቶች ያላደረጉትን አደረገ፤ የአገሩ ሁሉ ዓይን ጠርሙሱ ላይ አረፈ። በግንቦት ወር፣ ኤፌድራ የወሰደ አንድ የ16 ዓመት ልጅ የሞተባት ግዛት ኢሊኖይ፣ ኤፌድራን በመከልከል ከግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። በዚያው ዓመት የራንድ ጥናት ተቋም ያሉትን ጥናቶች ሁሉ አሰባስቦ ሲመዝን፣ ኤፌድራ የሚወስዱ ሰዎች ከማይወስዱት ይልቅ በወር 0.9 ኪሎ ገደማ ብቻ እንደሚቀንሱ፣ የልብ መምታት፣ የአእምሮ መረበሽና የሆድ ሕመም አደጋቸው ግን ከ2 እስከ 3 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አገኘ። ከስድስት ወር የረዘመ ጥናትም አልነበረም። ሌላ ጥናት ደግሞ በ2001 የኤፌድራ ዕቃዎች ከዕፅ ማሟያዎች ሽያጭ 1 በመቶ እንኳ ሳይሞሉ፣ ለመርዝ መረጃ ማዕከላት ከተነገሩት የዕፅ ጉዳቶች ውስጥ 64 በመቶውን መያዛቸውን አሳየ።

በዚህ ቦታ መልስ የሚሹ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው ቤችለር ወፍራም ነበር፣ ሳይበላ ነበር፣ ፀሐዩም ከባድ ነበር፤ የደም ግፊትም ታይቶበት ነበር የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ማሟያው የሚሸጠው ለማን ነበር? ውፍረት ለሚያስቸግረው፣ ምግብ ለሚቀንስ፣ በሩጫና በላብ ክብደት ሊጥል ለሚሞክር ሰው ነው። አደጋውን የሚያባብሱት ሁኔታዎች ያልተለመዱ አጋጣሚዎች አልነበሩም፤ የደንበኛው ዋና መልክ ነበሩ። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። በቻይና አሠራር መሠረት የሚፈላው ማ ሁዋንግ በቀን ከእንክብሎቹ ያልተናነሰ አልካሎይድ ሊይዝ ይችላል፤ ታዲያ ንጥሩ በምን ይለያል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመጠን ክርክር ብቻ ይዞ የመጣን ሰውም ያሸንፈዋል። የእኔ ክርክር ግን የመጠን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በሕመሙ ቀን፣ በሐኪም ፊት፣ ላብ እስኪመጣ ድረስ የሚጠጣው ነገርና ጤነኛ ሰው ከካፌይን ጋር ለስድስት ወር በየቀኑ የሚውጠው ነገር በሚሊግራም ቢተካከሉ እንኳ በአደጋ አይተካከሉም። ወግ ማለት ተክሉ ብቻ አይደለም፤ አጠቃቀሙም ነው።

ኤፍዲኤ ራሱ በመጨረሻ የደረሰበት ይህንኑ ነው። በታኅሣሥ 2003 ዕገዳውን አሳወቀ፤ በየካቲት 2004 ደንቡ ታተመ፤ በሚያዝያ 12 ቀን 2004 ሥራ ላይ ዋለ። ኤፌድራ በ1994ቱ ሕግ ሥር ሙሉ በሙሉ የታገደ የመጀመሪያው ማሟያ ነው። ደንቡ ግን የቻይናን ባህላዊ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች የሚያዙትን ማ ሁዋንግ አልነካም። ያው ተክል በአንዱ እጅ ተከለከለ፣ በሌላው ተፈቀደ። ይህ መቃረን የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ለእኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ አስተዋዩ ይህ ነው። አንድ ኩባንያ ዕገዳውን በፍርድ ቤት ተቃወመ፤ በ2005 የዩታ ዳኛ በቀን 10 ሚሊግራምና ከዚያ በታች የሆነ መጠን ጎጂ መሆኑ አልተረጋገጠም ብለው ፈረዱለት። በነሐሴ 2006 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። የመጀመሪያ ሪፖርቶች ከደረሱ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው። በ2006 መጨረሻ የወጣ ሌላ ሕግ አምራቾች ከባድ የጉዳት ሪፖርት ሲደርሳቸው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቁ አስገደደ። ይህ ግዴታ በ1994 ቢኖር ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ እንደነበር ማሰብ ያማል።

በዚያው ዘመን እስራኤል ውስጥ የሆነው ነገር ደግሞ ለኛ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ ነው። ኤፌድራና ጫት በኬሚስትሪ ዘመዳሞች ናቸው፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲን በኤፌድራም ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ የጫት ዋና ኃይል የሆነው ካቲኖን ደግሞ ለኤፌድሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ጫት መቃም በእስራኤል አልተከለከለም፤ የየመንና የኢትዮጵያ ተወላጆች ይቅማሉ። ከዚያ በኋላ ሃጊጋት የተባለ ካፕሱል በየኪዮስኩ መሸጥ ጀመረ፤ ከተፈጥሮ የተገኘ ማነቃቂያ ነው ተብሎ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 200 ሚሊግራም ካቲኖን ተጭኖበት። የአገሪቱ የመርዝ መረጃ ማዕከል ሐኪሞች በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ በአሥር ወር ውስጥ 34 ሰዎች ተመርዘው እንደመጡ ዘግበዋል፤ አንዳንዶቹ የልብ ደም እጥረት፣ በሳንባ ውኃ መቋጠርና በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ደርሶባቸዋል። ጫት መቃም ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም፤ ጉዳቱን የምናውቀው እኛው ነን። የሚቅም ሰው ግን ጉንጩ ይሞላል፣ መንጋጋው ይደክማል፣ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ቅጠሉ ከደረቀም ካቲኖኑ ይመናመናል። ካፕሱሉ ይህን ሁሉ በአንድ ጉንጭ ውኃ አሳለፈው።

ከዕገዳው በኋላ አምራቾች ኤፌድራ የሌለበት የሚል ጽሑፍ ለጥፈው በሌሎች ንጥሮች ተኩት። ከእነዚህ ዋነኛው የአረንጓዴ ሻይ ንጥር ነው። በቻይናና በጃፓን ስንት ትውልድ የጠጣው መጠጥ ይጎዳል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን አስቀድሞ መጥቶ ነበር። ኤግዞሊዝ የተባለው፣ በአልኮል ከተነጠረ አረንጓዴ ሻይ የተሠራ የማቅጠኛ እንክብል 13 ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ከተዘገበበት በኋላ በሚያዝያ 2003 ከፈረንሳይና ከስፔን ገበያ ተነሥቷል። አሜሪካ ውስጥ ሃይድሮክሲከት የተባለው ዝነኛ ማሟያ ኤፌድራውን በ2004 አውጥቶ በሌሎች የዕፅ ንጥሮች ተካው፤ በግንቦት 2009 ግን ኤፍዲኤ የጃንዲስና የጉበት መበላሸት ያለባቸውን ጨምሮ 23 ከባድ ሪፖርቶችና የአንድ ወጣት ሞት እንደደረሱት ገልጾ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ አምራቹም ዕቃዎቹን ሰበሰበ። ከሻዩ የሚገኘውና ኢጂሲጂ በሚባል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ንጥረ ነገር በባዶ ሆድ ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን ከምግብ ጋር ከተወሰደው ከ3 እጥፍ በላይ እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። በ2009 የታተመ የውሻ ሙከራም ንጥሩን ሳይበሉ የወሰዱት ውሾች ስለሞቱ ከታቀደው ቀን በፊት ተቋርጧል። ሻይ ግን ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በጨዋታ መካከል በሲኒ ይጠጣል፤ ሆድም በውኃ ይሞላል።

ሳይንሱ እያደር ጠራ። የአሜሪካ የጉበት ጉዳት ተመራማሪዎች ኅብረት ከ2004 እስከ 2013 ባጠናው ውስጥ በማሟያ ምክንያት የሚመጣው የጉበት ጉዳት ድርሻ ከ7 ወደ 20 በመቶ ከፍ ማለቱን ዘገበ። በሚኒሶታ በአንድ ትልቅ ጥናት 1,075 ሴቶች ተከፍለው ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በቀን 843 ሚሊግራም ኢጂሲጂ ወሰዱ፤ ከወሰዱት 5 በመቶ ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከ1 በመቶ ያነሱት መካከለኛ ወይም ከባድ የጉበት ምርመራ መዛባት ታየባቸው። በ2020 ደግሞ በአረንጓዴ ሻይ ንጥር ጉበታቸው ከተጎዳ ሰዎች 72 በመቶው አንድ ዓይነት የዘር መለያ እንዳላቸው ታወቀ፤ በአጠቃላዩ ሕዝብ ውስጥ ይህ መለያ ያለው 11 በመቶ ገደማ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ጉዳዩን መርምሮ፣ ሻይ ጠጪ በአማካይ በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም ኢጂሲጂ እንደሚያገኝና ይህም የሚያሰጋ አለመሆኑን፣ በማሟያ መልክ 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሚወሰደው ግን የጉበት ጉዳት ምልክት እንደሚያስከትል ገለጸ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው ደንብ የአንድ ቀን መጠን ከ800 ሚሊግራም በታች እንዲሆን፣ በባዶ ሆድ እንዳይወሰድ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ እንዳይወስዱት የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ።

በፋርማሲ የሚሸጡ መድኃኒቶች ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ሰው ይጎዳሉ፤ የብዙ ሚሊዮኖችን ማሟያ በጥቂቶች ጉዳት መፍረድ ምን ይሉታል የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩን አልክድም። ነገር ግን ጉዳት የሚመዘነው ከጥቅም ጋር ነው። አንቲባዮቲክ የሚጎዳው አንዱን ሲሆን ሌሎች ብዙዎችን ከሞት ያተርፋል፤ ጉዳቱም አስቀድሞ ተጠንቶ፣ ተጽፎ፣ ለሐኪሙ ተነግሮ ነው። በወር አንድ ኪሎ ለማይሞላ ክብደት ጉበትን ወይም ልብን ለአደጋ ማቅረብ ግን ሌላ ሚዛን ነው። ሰው በራሱ አካል ላይ መብት አለው የሚለውንም እቀበላለሁ፤ መብቱ እንዲሠራ ግን ማወቅ አለበት። ቅሬታ በመሳቢያ ውስጥ የተደበቀበት፣ መለያው የተሳሳተበት ሸማች መርጧል ማለት አይቻልም።

ታሪኩ አላበቃም፤ አሁን ተራው የእርድ ነው። በአልጫችን ውስጥ ያለው እርድ በሆድ ውስጥ እምብዛም ወደ ደም አይገባም፤ ይህ የተክሉ የራሱ ልጓም ነው። በ1998 የታተመ ጥናት 20 ሚሊግራም የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት ወደ ደም የሚገባው የእርድ ኃይል በ20 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ፤ አምራቾችም ይህን ቅልቅል በካፕሱል አድርገው ይሸጡታል። በ2022 እነዚያው የአሜሪካ ተመራማሪዎች በእርድ ማሟያ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን ዘገቡ፤ አንዱ ሞቷል፤ 7ቱ በአረንጓዴ ሻይ የታየው ያው የዘር መለያ ነበራቸው። እርድ ያለበትን ወጥ የሚፈራ አይኑር፤ ሻይም ይጠጣ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓም ሆነ በዐረብ አገር ያላችሁ፣ ለራሳችሁ ስትገዙና ለቤተሰብ ስትልኩ ግን የዕፅ ንጥር ያለበትን ካፕሱል እንደ መድኃኒት ቁጠሩት። በጾም ሰዓት በባዶ ሆድ አትውሰዱት፤ ሽንት ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ልብ ያለ ምክንያት ከመታ አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ስትሄዱም ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።